የሞተር ጥገና በቢቸናና በሞጣ፦ ከቀጥቃጭ ቤት እስከ እጅ ትራክተር

የእርሻ መሣሪያን መንከባከብ ለጎጃም ገበሬ እንግዳ ሙያ አይደለም። በቢቸናም ሆነ በሞጣ ክረምት ሳይገባ ገበሬው ሞፈሩን ይመረምራል፤ የላላውን ወገል ያጠብቃል፤ የተሰነጠቀውን ድግር ይለውጣል፤ የዶለዶመውን ማረሻ ለቀጥቃጭ ሰጥቶ ያሾላል። እንጨቱ ከደጁ፣ ባለሙያው ከአገሩ ስለማይርቅ ይህ ሥራ ያለ መጽሐፍ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ ኖሯል። ስለዚህ «ገበሬያችን የጥገና ልማድ የለውም» የሚለው አባባል፣ ከሙያ ባልደረቦቻችን አንደበት ጭምር ቢሰማም፣ ታሪክ አይደግፈውም።

ሞተር ወደዚህ አገር እርሻ የገባው ዘግይቶ ነው። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ መጀመሪያ ትራክተር የተስፋፋው በአርሲ፣ በአዋሽ ሸለቆና በሰቲት ሁመራ ሰፋፊ ማሳዎች ነበር። በጭላሎ የባለመሬቶች ትራክተር ብዙ ጭሰኞችን ከመሬታቸው አፈናቅሏል። በጎጃም ግን መሬቱ በርስት እየተከፋፈለ በየቦታው የተበጣጠሰ በመሆኑ ትልቅ ትራክተር መዞሪያ አልነበረውም። በዚያው ዘመን መንግሥት ወደ ጎጃም ገበሬ የቀረበው መሣሪያ ይዞ ሳይሆን ግብር ጠይቆ ነው፤ የ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር በቢቸናና በሞጣ አውራጃዎች ያስነሣው ዐመፅ የታወቀ ነው። ከ1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ በኋላም ትላልቆቹ መኪናዎች በአብዛኛው ወደ መንግሥት እርሻዎች ሄዱ። የደጋው ገበሬ ከበሬው ጋር ቀረ።

በትናንሽ ከተሞቻችን ሞተርን ከሕዝቡ ጋር ያስተዋወቀው የእህል ወፍጮ ነው። የናፍጣው ሞተር ከቆመ የዕለቱ ገቢ ይቆማል፤ እህል ተሸክመው የመጡት ሴቶችም ሳያስፈጩ ይመለሳሉ። ሞተረኛው ዘይቱን የሚመለከተውና ቺንጋውን የሚፈትሸው ይህን ስለሚያውቅ ነው። ሙያው የተስፋፋው በአብዛኛው እያዩ በመማር መሆኑን የጋራዥ ቋንቋችን ራሱ ይመሰክራል፤ ካንዴላ፣ ፊልትሮ፣ ኩሽኔታ፣ ፍሪሲዮን የምንላቸው ቃላት ከጣሊያኖች አፍ የተወረሱ ናቸው።

ለተበጣጠሰ ማሳ የሚስማማው ማሽን የተፈለሰፈው በሌላ አገር ነው። አውስትራሊያዊው አርተር ክሊፎርድ ሃዋርድ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1912 የሚሽከረከር መቆፈሪያ ሞከረ። ኋላም ጃፓንና ቻይና ባለ ሁለት ጎማ የእጅ ትራክተርን በሩዝ ማሳዎቻቸው አስፋፉ። በአገራችንም ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ ዓለም አቀፉ የበቆሎና የስንዴ ማሻሻያ ማዕከል ከተባባሪዎቹ ጋር ይህን ትራክተር ለአነስተኛ ገበሬዎች ሲሞክር ቆይቷል።

ይሁን እንጂ ከማሽኑ ጋር የሚመጣው የአጠቃቀም መጽሐፍ የተጻፈው በባዕድ ቋንቋና ለቆላ ሜዳ ነው። ቢቸናና ሞጣ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ይገኛሉ። በዚህ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ፣ ተርቦ የሌለው ሞተር ከኃይሉ ሩብ ያህሉን ያጣል፤ 12 የፈረስ ጉልበት ተብሎ የተሸጠው 9 ያህል ብቻ ይሰጣል። ዋልካ አፈር ላይ ሲጨነቅ ጥቁር ጭስ ይተፋል፤ ጥላሸቱም ወደ ዘይቱ ገብቶ ዕድሜውን ያሳጥራል። የቤንዚን ሞተር ከሆነ ነዳጁ ከአየሩ ስለሚበዛ ካንዴላው ይጠቁራል። ውሃ በእነዚህ ከተሞች የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ፣ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ውሃ መፍላት የሚጀምረው ከቆላው ቀድሞ ነው።

ስለዚህ ለእኛ ደጋ የሚስማማው ዘወትራዊ ጥገና ጥብቅ ቢሆንም ቀላል ነው። ጠዋት ጠዋት ማሽኑ በደልዳላ ቦታ ቆሞ፣ ሞተሩ ሳይሞቅ ዘይቱ ይለካል፤ ውሃው ይሞላል። በጋለ ሞተር ላይ ግን ቀዝቃዛ ውሃ አይጨመርም፤ ብረቱ ሊሰነጠቅ ይችላልና። ትራክተሩ ጤፍ መውቂያ በሚያንቀሳቅስበት ወራት የአየር ፊልትሮው በየዕለቱ ይጸዳል። ናፍጣው ተጠልሎ ይቀዳል። የአዲስ ሞተር የመጀመሪያ ዘይት ቶሎ ይለወጣል፤ ከዚያ በኋላ መጽሐፉ 100 ሰዓት ቢል እንኳ፣ ሥራው ከባድ ሲሆን ከዚያ አስቀድሞ መለወጥ ይበጃል።

ይህ ሁሉ ትንሽ ነገር ቢመስልም የሚያስከትለው ትልቅ ነው። ሞተሩ በዘር ሳምንት ቢነክስ፣ በሬውን ሸጦ ማሽን የገዛው ገበሬ ዝናቡም ያልፈዋል፣ ዕዳውም ይቀርበታል። ጎረቤቱም ይህን አይቶ ለዓመታት ወደ ማሽን አይቀርብም።

እንግዲህ የእኛ የመሐንዲሶች ድርሻ ማሽን አስመጥቶ ማስረከብ ብቻ ሊሆን አይገባም። መጽሐፉን በአማርኛ ለደጋው አየር አስማምተን እንጻፍ፤ መለዋወጫው ከማሽኑ ጋር አብሮ እንዲገዛ በውል እናስገባ፤ የወፍጮ ሞተረኛውንና ቀጥቃጩን አሠልጥነን የጥገናው ባለቤት እናድርጋቸው። ማረሻን ለዘመናት ያኖረው የባለሙያው ቅርበት ነው፤ ሞተርንም የሚያኖረው እርሱ ነው።