በሕዝብ መካከል የወደቀ ሽጉጥ፦ የባለፈቃዱ ጥንቃቄ፣ የማኅደር አመራረጥና የሕግ ተጠያቂነት

የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መስፈርቱን ያሟላ ሰው ፈቃድ አውጥቶ የጦር መሣሪያ እንዲይዝ ይፈቅዳል። ፈቃዱ መሣሪያውን የመያዝ መብት ያስገኛል እንጂ መሣሪያው ለሚያደርሰው ጉዳት ከመጠየቅ ነጻ አያወጣም። ባለፈቃዱ በታክሲ ለመሳፈር ጎንበስ ሲል፣ በለቅሶ ድንኳን ከተቀመጠበት አግዳሚ ሲነሣ ወይም በሠርግ ላይ እስክስታ ሲወርድ በልብሱ ሥር የያዘው ሽጉጥ ሾልኮ ሊወድቅ ይችላል። በዚያች ቅጽበት የሚደረገውና የማይደረገው ነገር በሰው ሕይወትና በባለፈቃዱ ነጻነት ላይ ይወስናል። ይህ ጽሑፍ ሽጉጥ በሚወድቅበት ጊዜ አደጋው በትክክል ከየት እንደሚመጣ፣ እንዳይወድቅ ምን ማድረግ እንደሚገባና ጉዳት ከደረሰ ሕጉ ጉዳዩን እንዴት እንደሚመለከተው ያብራራል።

አደጋው ከመውደቁ ነው ወይስ ከመቅለቡ?

ብዙ ሰው የሚፈራው ሽጉጡ መሬት ሲነካ እንዳይባርቅ ነው። ፍርሃቱ መሠረት የለውም አይባልም፤ በቅርብ ዓመታት በተሠሩ ሽጉጦች ላይ ግን ዋናው አደጋ ሌላ ነው። አንድ ነገር ከእጃችን ወይም ከወገባችን ሲያመልጥ እጃችን ሳናስበው ተከትሎ ይቀልበዋል። ብርጭቆ ወይም ስልክ ሲሆን ይህ ልማድ ይጠቅማል። የሚወድቀው ሽጉጥ ሲሆን ግን የሚጨብጡት ጣቶች ምላጩን፣ ብዙዎች ቃታ የሚሉትን፣ ሊስቡት ይችላሉ፤ አፈሙዙ በዚያን ጊዜ ወደማን እንደዞረ ደግሞ የሚያውቅ የለም።

በአሜሪካ የደረሱ ሁለት አደጋዎች ይህን በግልጽ ያሳያሉ። እ.ኤ.አ. በኅዳር ወር 2008 መጨረሻ የኒውዮርክ ጃያንትስ የእግር ኳስ ተጫዋች ፕላክሲኮ በረስ በማንሃተን በሚገኝ የምሽት ክበብ ውስጥ ሽጉጥ ያለማኅደር በሱሪው ወገብ ሽጦ ነበር። ሽጉጡ ወደ ሱሪው እግር ሲንሸራተት ለመያዝ ሞከረ፤ ባረቀና የገዛ ጭኑን መታው። በረስ በዚያው ዓመት መጀመሪያ ለቡድኑ የዋንጫውን ወሳኝ ኳስ የቀለበ ሰው ነበር። ሥራው መቅለብ የሆነ ሰው እንኳ የሚወድቅ ሽጉጥ ሊቀልብ አልቻለም። በኒውዮርክ የሚሠራ ፈቃድ ስላልነበረው በ2009 የሁለት ዓመት እስራት ተፈርዶበታል።

ሁለተኛው እ.ኤ.አ. ሰኔ 2 ቀን 2018 በዴንቨር ከተማ የደረሰ ነው። ከሥራ ሰዓት ውጪ የነበረ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ ባልደረባ በመጠጥ ቤት እየጨፈረ ወደኋላ ሲገለበጥ ሽጉጡ ከወገቡ ማኅደር ወጥቶ ወለሉ ላይ ወደቀ። በመውደቁ አልባረቀም። የባረቀው ፈጥኖ ሲያነሣው ነው፤ ጥይቱም አጠገቡ የነበረን ሰው እግር መታ። ይህ ሰው የሠለጠነ ነበር፤ ማኅደርም ነበረው። ማኅደሩ ግን ሽጉጡን ለእንዲህ ያለ እንቅስቃሴ በሚበቃ ጥንካሬ አልያዘውም፤ እጁም ከአእምሮው ቀደመ። በኋላ በፍርድ ቤት ጥፋቱን አምኖ የሁለት ዓመት የፈተና ጊዜ ተወስኖበታል።

ስለዚህ የሚወድቅ ሽጉጥ ይውደቅ። ይህን አስቀድሞ ለራስ ደጋግሞ መንገር ያስፈልጋል፤ በዕለቱ ለማሰብ ጊዜ አይኖርምና።

በመውደቅ ብቻ የሚባርቁ ሽጉጦች

ይህ ማለት ግን ማንኛውም ሽጉጥ ቢወድቅ ችግር የለም ማለት አይደለም። ጥይት የሚተኮሰው በጥይቱ ቂጥ ላይ ያለውን ተቀጣጣይ ክፍል መርፌ ስትመታው ነው። በዘመናዊ ሽጉጦች ምላጩ ካልተሳበ መርፌዋ ወደፊት እንዳትሄድ የሚያግድ ክፍል አለ። በቀድሞዎቹ ላይ ይህ ክፍል አይገኝም።

በአገራችን ስማቸው ከታወቁት የሶቪየት ሥሪቶች መካከል ቶካሬቭ ሲሠራ በእጅ የሚዘጋ የጥንቃቄ ቁልፍ አልተደረገለትም። ያለው መዶሻውን በግማሽ መንገድ የሚይዝ ጥርስ ብቻ ነው፤ ጥርሱ በአገልግሎት ብዛት ሲያልቅ ደግሞ አስተማማኝነቱ ይቀንሳል። የማካሮቭ መርፌ በበኩሏ በምንም ሳትታገድ ወደፊትና ወደኋላ ትንቀሳቀሳለች። ሽጉጡ በአፈሙዙ በኩል ጠንካራ ወለል ላይ ቢወድቅ በራሷ ግፊት ጥይቱን ልትመታ የምትችልበት ዕድል አለ። የሽጉጡ ንድፍ አውጪ መርፌዋ ቀላል ስለሆነች ይህ ያን ያህል አያሰጋም የሚል አመለካከት ነበረው። አመለካከቱ ለወታደር በቂ ሊሆን ይችላል፤ በገበያ መካከል ለቆመ ሰላማዊ ሰው ግን በቂ ማስተማመኛ አይደለም።

አዲስ መሆንም ብቻውን ዋስትና አይሆንም። እ.ኤ.አ. በነሐሴ ወር 2017 ሲግ ሳወር የተባለው ፋብሪካ ፒ320 የተሰኘው ሽጉጡ በተወሰነ ማዕዘን ሲወድቅ ሊባርቅ እንደሚችል ከታወቀ በኋላ ለገዢዎች ያለክፍያ የማሻሻያ አገልግሎት መስጠት ጀምሯል። የካሊፎርኒያ ግዛት ሕግ በበኩሉ ለሽያጭ የሚቀርብ ሽጉጥ ከአንድ ሜትር ከአንድ ሴንቲ ሜትር ከፍታ በስድስት የተለያየ አቅጣጫ ኮንክሪት ላይ ተጥሎ እንዲፈተን ያዝዛል። ከፍታው በዘፈቀደ የተመረጠ አይመስልም፤ የቆመ ሰው ወገብ የሚደርስበት ነው።

የያዙት ሽጉጥ የትኛው ዓይነት እንደሆነ በእርግጠኝነት የማያውቁ ከሆነ በሙያው የሠለጠነ ሰው እንዲያየው ያድርጉ። እስከዚያው ድረስ፣ በተለይም ሥሪቱ የቆየ ከሆነ፣ ጥይት አጉርሶ መያዝ አይመከርም። ጥይት ያልጎረሰ ሽጉጥ ቢወድቅም፣ ተሳስተው ቢቀልቡትም አይተኩስም።

ስለማኅደር

‹ሽጉጥ› የሚለው ስም ‹ሸጎጠ› ከሚለው ግሥ የመጣ ነው። ስሙ ልማዱን ይመሰክራል፤ ዛሬም በቀበቶና በሸሚዝ መካከል ሽጉጡን ሸጉጦ የሚሄድ ሰው ብዙ ነው። እንዲህ የተያዘ ሽጉጥ ከመውደቅ የሚጠብቀው የቀበቶው ጥብቀት ብቻ ነው፤ ቀበቶ ደግሞ ሲቀመጡ ይጠብቃል፣ ሲነሡ ይላላል። ምላጩም አልተሸፈነም።

የሽጉጥ ማኅደር፣ ማለትም ከቀበቶ ጋር የሚታሰረው የቆዳ ወይም የጠንካራ ፕላስቲክ መያዣ፣ በቅድሚያ ምላጩንና በዙሪያው ያለውን ቀለበት ሙሉ በሙሉ መሸፈን አለበት። ጣት፣ ቁልፍ ወይም የልብስ ጫፍ ወደ ምላጩ ሊደርስ የሚችልበት ማኅደር፣ ምንም ያህል ቢያምር፣ ለአገልግሎት አይሆንም። ቀጥሎ የሚታየው ሽጉጡን አጥብቆ የመያዝ ችሎታው ነው። አንዳንዱ ማኅደር በልኩ ስለተሠራ በጥብቀቱ ብቻ ይይዛል። ሌላው ከላይ በሽጉጡ ጀርባ ዞሮ ጠቅ ብሎ የሚዘጋ የቆዳ ማሰሪያ አለው። የፖሊስ አባላት የሚይዙት ደግሞ ብዙ ጊዜ አንድ ወይም ሁለት መቆለፊያ ያለው፣ ሌላ ሰው ነጥቆ እንዳያወጣው ተብሎ የተሠራ ነው። በታክሲ የሚጋፋ፣ ደረጃ የሚወጣና የሚወርድ፣ ልጅ የሚያቅፍ ሰው ቢያንስ ማሰሪያ ያለውን መምረጥ ይኖርበታል። ልብስ ሥር የሚደረጉት ቀለል ያሉ ማኅደሮች ለመደበቅ ቢመቹም በዚህ ረገድ ደካሞች ናቸው።

ማኅደሩ ለዚያው ሞዴል ሽጉጥ የተሠራ መሆን አለበት። ‹ለሁሉም ይሆናል› ተብሎ የሚሸጠው አብዛኛውን ጊዜ ለአንዱም በደንብ አይሆንም። ጠንካራ ቀበቶም የግድ ነው፤ የሚጣመም ስስ ቀበቶ ማኅደሩን ወደ ውጭ ያዘነብለዋል፤ አንዳንድ ጊዜም ሽጉጡ ከነማኅደሩ ይወድቃል።

ማኅደርዎን በቤትዎ መፈተሽ ይችላሉ። አስቀድመው ካርታውን ያውጡ፤ ከዚያ የጎረሰ ጥይት አለመኖሩን በዓይንም በጣትም ያረጋግጡ፤ ጥይቱን በሌላ ክፍል ያስቀምጡ። ባዶውን ሽጉጥ በማኅደሩ ካስገቡ በኋላ ፍራሽ ላይ ዘቅዝቀው በኃይል ያራግፉት። ከወጣ ማኅደሩ አይሆንም። ካልወጣ ታጥቀውት ይቀመጡ፣ ይነሡ፣ ጫማዎን ለማሰር ጎንበስ ይበሉ፣ ጥቂት እርምጃ ይሩጡ። ይህን ሙከራ በየጥቂት ወሩ መድገም ይገባል፤ ብሎን ይላላል፣ ቆዳም ይለሰልሳልና። በተለይ አሮጌ ቆዳ ያሳስባል። የለሰለሰው ከንፈሩ ወደ ውስጥ ይታጠፍና ሽጉጡን ሲመልሱት በምላጩ ቀለበት ውስጥ ሊገባ ይችላል። የጃኬት ገመድ፣ የነጠላ ወይም የጋቢ ጫፍም እንዲሁ ያደርጋል። ስለሆነም ሽጉጥ ወደ ማኅደሩ ሲመለስ ልብስን ገለጥ አድርጎ፣ እያዩ፣ በዝግታ ነው። ለመመለስ የሚያጣድፍ ምክንያት አይኖርም።

ጥንቃቄ የሚሹ ሌሎች ጊዜያትም አሉ። መጸዳጃ ቤት ገብቶ ቀበቶ መፍታት አንዱ ነው፤ ሽጉጥ የሚወድቅበትም ተረስቶ የሚቀርበትም እዚያ ነው። ሌላው የመግቢያ ፍተሻ ነው። ባንክ፣ ሆቴል ወይም መሥሪያ ቤት በር ላይ ሰው ተሰልፎ ሳለ ሽጉጥን መዝዞ ለጥበቃ ሠራተኛ ማቀበል በከተሞቻችን የተለመደ ቢሆንም ከሁሉ የከፋው ቦታ ይኸው ነው። ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ሁለት ሰው ይነካዋል፣ አፈሙዙም ሰልፉን ይዞራል። ፍተሻ ወዳለበት የሚሄዱ ከሆነ መሣሪያውን በቤት ቆልፈው ይሂዱ። ይዘው ከደረሱ ደግሞ ከመምዘዝዎ በፊት ለጥበቃው በቃል ያሳውቁ፤ ከሰው ገለል ወዳለ ቦታ እንዲወስድዎ ይጠይቁ፤ የሚቻል ሲሆንም ሽጉጡን ሳያወጡ ከነማኅደሩ ፈትተው ያስረክቡ።

ከወደቀ በኋላ

እጅዎን ወደ ሰውነትዎ ሰብስበው እስኪያርፍ ይጠብቁ። በእግርዎም ለማቆም አይሞክሩ። በአጠገብዎ ያሉትን፣ በተለይ ሕፃናትን፣ በተረጋጋ ድምፅ እንዲርቁ ይንገሩ። ከዚያ ጎንበስ ብለው እጀታውን ብቻ ይያዙ፤ አመልካች ጣትዎ ከምላጩ ውጪ በሽጉጡ ጎን ተዘርግቶ ይቆይ፤ አፈሙዙ ሰው ወደሌለበት ይሁን። ወዲያው ወገብዎ ላይ አይሽጡት። ሰው ወደሌለበት ወጥተው ጥይቱን ካራገፉ በኋላ የወደቀው በምን ምክንያት እንደሆነ ይመርምሩ። ጠንካራ ወለል የመታ ሽጉጥ የውስጥ ክፍሉ ተጎድቶ ሊሆን ስለሚችል ባለሙያ ሳያየው ጥይት አይጉረስበት።

ሲወድቅ ያዩ ሌሎች ሰዎች ቢሆኑ ለመርዳት ብለው ማንሣት የለባቸውም። ለባለቤቱ መንገር፣ ባለቤቱ ካልታወቀ ቦታውን ጠብቆ በ991 ለፖሊስ መደወል ይበቃል።

ሽጉጡ ባርቆ ሰው ከተመታ ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ አጥብቆ በመጫን ደሙን ማቆም ቀዳሚ ተግባር ነው፤ በ907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ ይጠራል። ባለፈቃዱ ከስፍራው መሸሽ የለበትም። ማንም ሰው ባይጎዳም ለፖሊስ መታወቅ አለበት፤ ግድግዳ ወይም ጣሪያ በስታ የገባች ጥይት በማዶ ያለን ሰው መትታ ሊሆን ይችላልና።

‹ድንገት ነው የወደቀብኝ› የሚለው መከራከሪያ

በ1996 የወጣው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 57 ንዑስ አንቀጽ 2 አንድ ሰው ጥፋት ሳይኖርበት፣ ከዐቅም በላይ በሆነ ኃይል ወይም በድንገተኛ አጋጣሚ በደረሰ ነገር በወንጀል እንደማይቀጣ ይደነግጋል። ብዙ ባለፈቃዶች የሚተማመኑት በዚህ ነው። ቀጥሎ ያለው አንቀጽ 59 ግን ቸልተኝነትን ይተረጉማል፦ ውጤቱ ሊደርስ እንደሚችል እያወቀ አይደርስም ብሎ የገመተ፣ ወይም ማወቅ እያለበትና እየቻለ ያላወቀ ሰው በቸልተኝነት ይጠየቃል። ማሰሪያ ባለው ማኅደር የያዘውን ሽጉጥ በመኪና ግጭት ምክንያት የጣለ ሰውና ያለማኅደር ወገቡ ላይ ሽጦ ሲጨፍር የጣለ ሰው በሕግ ፊት እኩል አይታዩም። የኋለኛው ሊወድቅ እንደሚችል ማወቅ ነበረበት።

በቸልተኝነት ሰው መግደል በአንቀጽ 543 ንዑስ አንቀጽ 1 ከስድስት ወር እስከ ሦስት ዓመት በሚደርስ ቀላል እስራት ወይም በመቀጮ ያስቀጣል። በሙያው ወይም በሌላ ምክንያት የሰውን ሕይወት የመጠበቅ ግዴታ ያለበት ሰው ሲሆን ቅጣቱ ይከብዳል፤ የታጠቁ የጥበቃ ሠራተኞች ይህን ልብ ሊሉት ይገባል። በቸልተኝነት አካል ማጉደል በአንቀጽ 559 ይሸፈናል። ከወንጀሉ በተጨማሪ በራሱ ጥፋት በሌላ ሰው ላይ ጉዳት ያደረሰ ሁሉ ኪሣራ እንዲከፍል የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2028 ያስገድዳል፤ የሕክምና ወጪና የተቋረጠ ገቢ በዚህ ውስጥ ይታሰባሉ።

ሽጉጡ የወደቀው ባለቤቱ ሳያውቅ ከሆነ፣ ለምሳሌ በታክሲ ወንበር ሥር ከቀረ፣ በግል ሲፈልጉ ቀናት ማሳለፍ ተገቢ አይደለም። መጥፋቱ እንደታወቀ በአቅራቢያ በሚገኝ ፖሊስ ጣቢያ ቀርቦ የመሣሪያውን ዓይነት፣ መለያ ቁጥር፣ መጨረሻ የታየበትን ቦታና ሰዓት ማስመዝገብ ያስፈልጋል። ለዚህም የፈቃዱን ቅጂ ከመሣሪያው ተለይቶ በሌላ ቦታ ማስቀመጥ ጠቃሚ ነው።