የአራዳ ጥልፍና የስፌት መኪና

አራዳ ሲነሣ አስቀድሞ የሚታሰበን ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን በታች ይቆም የነበረው ገበያ ነው። ሐሩና ከፋዩ ቀድሞ በግመልና በበቅሎ፣ ምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገባ ወዲህ ደግሞ በፉርጎ እየተጫነ በሕንዶች፣ በአርመኖችና በግሪኮች መደብር ይራገፍ ነበር።

ካባ በእጅ ብቻ ይጠለፍ በነበረበት ዘመን አዳላጩ ጨርቅ ለመርፌ ይታዘዝ ነበር፤ የእጅ መርፌ አይቸኩልምና። አሜሪካዊው ሲንጀር በ1843 ዓ.ም. ያስመዘገበው ዓይነት መኪና ሲመጣ ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። ሐር ከመርፌው ሥር ይሸሻል፤ ይጨማደዳል፤ አንድ ጊዜ ከተበሳም ቀዳዳው አይጠፋም። ስለዚህ ባለሙያው ከሥር አቡጀዲ ወይም ወረቀት ይደርባል፤ ጨርቁ እንዳይንሸራተት በክቡ መወጠሪያ ላይ ቅዳጅ ይጠመጥማል፤ የመኪናውን እግር ነቅሎ፣ ጥርሱንም ሸፍኖ፣ ልብሱን በሁለት እጁ ይመራዋል። መኪናው ፍጥነትን ይሰጣል እንጂ ሐረጉን የሚስለው አሁንም እጅ ነው። መኪና ጥልፍን አረከሰው ከሚሉት ጋር የማንስማማውም በዚህ ምክንያት ነው።

ገበያው በጣልያን ወረራ ዘመን ወደ መርካቶ ተዛወረ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ለኮሪደር ልማት ብዙ የፒያሳ አሮጌ ቤቶች ከነሱቆቻቸው ፈረሱ። መኪናን ወደ ሌላ ሰፈር ማጓጓዝ አያዳግትም፤ እኛን የሚያሳስበን በጠባቡ ሱቅ ከባለሙያው አጠገብ ቆሞ፣ የእጁን አካሄድ እያየ ይማር የነበረው ልጅ ነው።