ከሕሙማን አልጋ ወደ ሀገር አስተዳደር፦ የአዛዥ ሐኪም ወርቅነህ ዜና ሕይወት

የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በፋሺስት ጣልያን እንደራሴ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ በተጣለበትና ፋሺስቶች የንጹሓንን ደም በየመንደሩ ባፈሰሱበት ሰሞን፣ በጉራጌ ምድር፣ ከቡታጅራ እምብዛም በማይርቀው በጎጌቲ፣ ወራሪውን ይዋጋ የነበረው የራስ ደስታ ዳምጠው ሠራዊት የመጨረሻውን ውጊያ ተዋግቶ ተፈታ፤ ራስም ጥቂት ቀናት ቆይተው ተያዙና የካቲት 17 ቀን በጥይት ተገደሉ። ከዚያ ቦምብ ወዲህ በአዲስ አበባ ከተረሸኑት የተማሩ ወጣቶች መካከል ዮሴፍና ቢንያም የተባሉ ሁለት ወንድማማቾች ሲገኙ፣ አባታቸው በዚያን ጊዜ በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆነው የሀገራቸውን አቤቱታ ለዓለም ያሰሙ የነበሩት አዛዥ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ናቸው። የጎጌቲ ሜዳና የእኚህ ሐኪም ቤት የአንድ ሰሞን ሐዘን ተካፋዮች ናቸውና፣ ዜና ሕይወታቸው በጉራጌ ከተሞች በወልቂጤና በቡታጅራ ቢነገር የሚገባ ነው።

ሐኪም ወርቅነህ በጎንደር ተወልደው፣ ገና ሕፃን ሳሉ፣ ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ በወደቁበት በ1860 ዓ.ም. ከዘመዶቻቸው ተለይተው በእንግሊዝ ጦር እጅ ገቡ። ቻምበርሌን የተባለው መኮንን ወደ ህንድ ወሰዳቸው፤ እርሱ ሲሞት ማርቲን የተባለ ሌላ መኮንን ስላሳደጋቸው ቻርለስ ማርቲን ተብለው አደጉ። በላሆር ጥበበ ፈውስን ተምረው በ1882 እ.ኤ.አ. ከተመረቁና ትምህርታቸውን በኤዲንብራ ካጠናከሩ በኋላ፣ በበርማ የእንግሊዝ መንግሥት ሐኪም ሆነው አገለገሉ። የዐድዋ ድል ከተሰማ ወዲህ ግን የተወለዱባት ሀገር ናፍቆት አላስቀምጥ አላቸውና፣ ጥቂት ዓመታት ቆይተው አዲስ አበባ ገቡ። አፍ የፈቱበትን አማርኛ ፈጽመው ረስተውት ነበር፤ ሆኖም አያታቸው ወሬውን ሰምተው መጡ፣ ከሕፃንነታቸው ጀምሮ የሚያውቁትንም ጠባሳ በሐኪም ወርቅነህ ገላ ላይ አይተው የልጅ ልጃቸው መሆናቸውን አረጋገጡ። ምላስ ያልመሰከረውን ዝምድና ገላ መሰከረ።

ዳግመኛ ወደ በርማ ተመልሰው ሲያበቁ፣ በኋላ በአዲስ አበባ የእንግሊዝ ሌጋሲዮን ሐኪም ሆነው መጡ፤ የዳግማዊ ዐፄ ምኒልክንም ሕመም አስታመሙ። ሕሙማንን በሚያዩበት ጊዜ የተረዱት ግን፣ ድንቁርናና ባርነት፣ የተበላሸ ፍርድና የመንገድ እጦት ከመድኃኒት ኃይል በላይ የሆኑ ደዌዎች መሆናቸውን ነው። ስለዚህም በፍርድ ወንበር ተቀመጡ፤ በ1917 ዓ.ም. የተከፈተውን የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት በበላይነት መሩ፤ ነፃ ለወጡ ባሮች ትምህርት ቤት አቋቋሙ፤ ስለ ዓለም ጂኦግራፊ በአማርኛ መጽሐፍ ጻፉ። በ1920 ዓ.ም. የጣናን ግድብ ጉዳይ ለመነጋገር ወደ አሜሪካ ተላኩ። በ1922 ዓ.ም. የጨርጨር ገዥ ተሹመው፣ መቀመጫቸውን አሰበ ተፈሪ አድርገው፣ አውራጃው ለሌሎቹ አርአያ የሚሆን ሥርዐተ አስተዳደር እንዲኖረው ደከሙ።

ከሕክምና ወደ መንግሥት ሥራ መሻገር በሌላውም ዓለም የታየ ነው፤ በ1776 እ.ኤ.አ. የአሜሪካን የነፃነት ዐዋጅ ከፈረሙት መካከል ቤንጃሚን ረሽና ጆሳያ ባርትሌት ሐኪሞች ነበሩ። የሐኪም ወርቅነህ ሕይወት በዚህ ላይ የሚጨምረው አለ፤ ይኸውም ሐኪም ሕመሙን ከሥሩ መርምሮ ሳያገኝ መድኃኒት እንደማያዝ ሁሉ፣ ሹምም የሕዝቡን ችግር ሳይመረምር ሕግ ማውጣት እንደማይገባው ነው። ለእርሳቸው ሹመት የሕክምናቸው ተከታይ ምዕራፍ እንጂ ከሕክምና የመሸሻ መንገድ አልነበረም።

በ1927 ዓ.ም. ወደ ለንደን በሚኒስትርነት ሲላኩ ዕድሜያቸው ሰባ ገደማ ነበር። ለጦርነቱ ርዳታ እየለመኑ፣ የጣልያንን ግፍ እየገለጡ ሳለ የሁለት ልጆቻቸው መርዶ በባዕድ ሀገር ደረሳቸው። ከነፃነት በኋላ ወደ ኢትዮጵያ ተመልሰው፣ በ1945 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በክብር ዐረፉ።

ዛሬ የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ወጣቶችን ጥበበ ፈውስ ያስተምራል፤ በቡታጅራም ሆስፒታል ሕሙማንን ይቀበላል። በእነዚህ ቤቶች የሚማሩና የሚሠሩ ወጣቶች ውሃው ስለምን እንደ ቆሸሸ፣ እናቲቱ ስለምን ዘግይታ እንደ መጣች፣ መንገዱ ስለምን እንዳልተሠራ ሹማምንትን ይጠይቁ፤ ሲሾሙም ራሳቸው መልስ ይስጡ። ሐኪም ወርቅነህን ማክበር ማለት ይህን ማድረግ ነው።