ሠላሳ ሳንቲሜትር

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ። ዛሬ የማወጋችሁ እንግሊዝ አገር ስለተነሣ የጎረቤት ጠብ ነው። የጠቡ መነሻ የድንበር መሬት አይደለም፣ ውሻ አይደለም፣ ሰክሮ የሚገባ ባልም አይደለም። የልጆች መጫወቻ ነው። ሰዎቹን ከብዙ ቤት ወሬ ቀጣጥዬ የሠራኋቸው እኔ ስለሆንኩ ስማቸውን አትጠይቁኝ። ሕጉና ቁጥሩ ግን የእኔ ፈጠራ አይደለም፤ ልፍጠር ብልም እንዲህ ያለው አይመጣልኝም።

ቦታው የለንደን ዳርቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የተሠሩ፣ ሁለት ሁለት እየሆኑ በአንድ ግድግዳ የተጣበቁ ቤቶች የተደረደሩበት መንገድ። ከፊት ለፊት ሁሉም ይተያያል። ከኋላ ግን እያንዳንዱ ቤት ጠባብና ረጅም ጓሮ አለው፤ በጓሮና በጓሮ መካከል ደግሞ የጣውላ አጥር። አጥሩ 2 ሜትር ነው። በጓሮ በኩል ያለ ፈቃድ የሚታጠረው እስከዚያ ስለሆነ ሁሉም እስከ ጫፉ ይጠቀምበታል። ከእንዲህ ያለ አጥር ጀርባ ሰው እንደ ልቡ ነው። የኛዋ ጎረቤትም ጡረታ ከወጡ ወዲህ ጠዋት ጠዋት በቢጃማቸው ወጥተው፣ ሬዲዮናቸውን ከፍተው፣ ሻያቸውን እዚያ ይጠጣሉ።

ከአጥሩ ወዲህ የሚኖረው አባወራ የስድስት ዓመት ሴት ልጅና የአራት ዓመት ወንድ ልጅ አለው። አንድ ቅዳሜ የጭነት መኪና ረጃጅም ካርቶኖች አራገፈለት። ቀኑን ሙሉ ብሎን ሲያጠብቅ ዋለ። አመሻሹ ላይ አራት እግር ያለው የእንጨት ማማ ቆመ፦ ወለሉ ከመሬት 1 ሜትር ተኩል፣ በአንድ ወገን መሰላል፣ በሌላው አረንጓዴ የፕላስቲክ ሸርተቴ፣ ከላይ የሾለ የሸራ ጣሪያ፣ የጣሪያው ጫፍ 2 ሜትር ከ70። ያቆመው ከአጥሩ አንድ ክንድ ብቻ አርቆ ነው፤ ጓሮው ደልዳላ የሆነው እዚያ ጥግ ላይ ነበራ። በማሽላ ማሳ መካከል እንደሚሠራ የወፍ ጠባቂ ማማ፣ የወጣበት ሁሉ ዙሪያውን ያያል።

እሑድ ጠዋት ልጅቷ ወጣች።

«ጤና ይስጥልኝ!» አለች ከላይ።

ሴትየዋ ሻያቸውን ሊደፉት ምንም አልቀራቸውም።

«ምንድን ነው የሚበሉት?»

«ዳቦ።»

«ላዩ ላይ ያለውስ?»

በማግስቱ ወንድሟም ወጣ። እሱ አይናገርም፤ ዝም ብሎ ያያል። ከልጅቷ ጥያቄ ይልቅ ሴትየዋን ያስጨነቃቸው የልጁ ዝምታ ነው። ሳምንት ታገሡ። በመጨረሻ አባትየውን በር ላይ ጠብቀው ያዙት።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ያ ነገር ፈቃድ አለው?»

«የልጆች መጫወቻ እኮ ነው!»

«እሱማ አይቼዋለሁ። እነሱም አይተውኛል።»

አባትየው እዚህ ላይ «ላንቀሳቅሰው» ቢል ኖሮ እኔም የማወራው አይኖረኝም ነበር። «በገዛ ጓሮዬ!» ብሎ ገባ።

አሁን ስለዚህ «በገዛ ጓሮዬ» ስለሚባለው ነገር ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1947 የእንግሊዝ ፓርላማ የከተማና የገጠር ፕላን ሕግ አወጣ። መሬቱ የባለቤቱ ሆኖ ይቀጥላል፤ በላዩ የመገንባት መብት ግን ከዚያ ወዲህ ፈቃድ የሚጠየቅበት ሆነ። ሕጉ ሥራ የጀመረው በ1948 ሐምሌ 1 ቀን ነው። ያ ቀን ዛሬም ድረስ ጓሮ ውስጥ ይሠራል፦ በተጨማሪ ግንባታ የሚሸፈነው መሬት በዚያ ቀን በነበረው ቤት ዙሪያ ካለው ግቢ ከግማሽ መብለጥ የለበትም።

ለእያንዳንዱ የዶሮ ቤት ማመልከቻ ቢጻፍ ማዘጋጃ ቤቶቹ በወረቀት ይታፈኑ ስለነበር፣ ያለ ማመልከቻ የሚሠሩ ነገሮች በዝርዝር ወጡ። የጓሮ ዕቃ ቤት፣ የልጆች መጫወቻ ቤት፣ እንዲህ እንዲህ ያለው። ከድንበር በ2 ሜትር ርቀት ውስጥ ከሆነ ቁመቱ ከ2 ሜትር ተኩል አይለፍ። ራቅ ካለና ጣሪያው በሁለት ወገን የሚያዘቀዝቅ ከሆነ እስከ 4 ሜትር ይድረስ፤ ሌላ ዓይነት ጣሪያ ከሆነ 3። ከቤቱ ፊት አይቁም። በቅርስነት በተመዘገበ ቤት ግቢ ውስጥ ከሆነ ደግሞ ይህ ነፃነት አይሠራም፤ ማመልከት ነው።

አባትየው ማታ ተቀምጦ ይህን አነበበ፤ አነበበና ደስ አለው። ጥፋቱ 20 ሳንቲሜትር ናት! ሸራውን አወረደ፣ ምሶሶዎቹን በመጋዝ ቆረጠ፣ ጣሪያውን 2 ሜትር ከ40 አደረሰው። በማግስቱ ደረቱን ነፍቶ ወደ ጎረቤቱ ሄደ።

ያላነበባት አንዲት መስመር ነበረች። ከፍ ያለ ወለል፣ ሰገነት፣ በረንዳ ያለ ማመልከቻ አይሠራም፤ ከፍ ያለ ማለት ደግሞ ከ30 ሳንቲሜትር በላይ ማለት ነው። ሠላሳ! አንድ ደረጃ ተኩል ገደማ። ገበያ ላይ ያሉት የልጆች ማማዎች አብዛኞቹ ከዚያ ብዙ እጥፍ ይበልጣሉ። በየጓሮው ስንቱ እንደቆመ እናንተው ገምቱ።

ሞኝ ሕግ ነው የሚል ይኖራል። እኔ አልልም። ሌላው ቁጥር ሁሉ ስለ ጣሪያና ስለ ጥላ ነው፤ የሰውን እግር የሚለካው ይህ ብቻ ነው። ሰው የቆመበት ከፍ ሲል ዓይኑ አጥር እንደሚሻገር የገባው ሰው ነው የጻፈው። ዥዋዥዌ ግን አይነካውም። ትራምፖሊንም አብዛኛውን ጊዜ እንደ ሕንፃ አይቆጠርም፤ መጠኑ፣ ቋሚነቱና ከመሬት ጋር ያለው መያያዝ ነው የሚታየው። ለነገሩ ትራምፖሊን ላይ የሚዘል ልጅም አጥር አሻግሮ ያያል፤ እየዘለለ ስለሚያይ ይሆናል የተማረው።

ሴትየዋ ለማዘጋጃ ቤቱ ከመጻፋቸው በፊት ሁለት ሌሊት አሰቡ። ምክንያት ነበራቸው። እዚያ አገር ቤት የሚሸጥ ሰው ከጎረቤት ጋር ክርክር እንዳለው ወይም እንደነበረው በቅጽ ይጠየቃል። ዛሬ የጻፉት አቤቱታ ነገ ገዢ ሊያሸሽ ይችላል። ግን ልጁ እንደገና ወጣ፣ እንደገና ዝም ብሎ አየ። ጻፉ።

ደንብ አስከባሪው ወጣት ነበር፣ ሜትሩን ኪሱ ይዞ መጣ። ጣሪያውን ለካ፤ አባትየው ፈገግ አለ። ወለሉን ለካ፤ ፈገግታው ጠፋ። የደንብ አስከባሪ ሥራ ወዲያው ማፍረስ አይደለም፤ እርምጃ መውሰድ ተገቢ ነው ወይ ብሎ ማመዛዘን ነው። አብዛኛው እንዲህ ያለ አቤቱታም በንግግር ያልቃል። «ወደ መሃል ያምጡት፣ ወይም ዝቅ ያድርጉት፣ ካልሆነ ለተሠራው ፈቃድ ያመልክቱ» አለው። አባትየው ከሦስቱ የሚያስከፍለውንና የሚያቆየውን መረጠ። እልኸኛ ሰው አታውቁም?

ሴትየዋ ልጆቹ ጮኹ ብለው እንዳልከሰሱ ልብ በሉልኝ። የጩኸት ነገር ሌላ ነው፤ ጀርመን እንዲያውም በ2011 ከመዋዕለ ሕፃናትና ከመጫወቻ ሜዳ የሚሰማ የልጆች ድምፅ እንደ ደንቡ ጎጂ ተብሎ እንዳይቆጠር በሕግ ደነገገች። የእኛ ሴትዮ ቅሬታ ዓይን ብቻ ነው። የዓይን ነገር እስከ እንግሊዝ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሷል። ለንደን ውስጥ ቴት ሞደርን የሚባለው ሙዚየም አሥረኛ ፎቅ ላይ ከተማውን የሚያሳይ ሰገነት ከፈተ፤ ፊት ለፊት ባለ መስታወት አፓርትማ የሚኖሩ ሰዎች ከሰሱ። በየካቲት 2023 ሦስት ዳኞች ለከሳሾቹ፣ ሁለቱ በተቃራኒ ቆሙ፤ ከሳሾቹ ረቱ። ነገር ግን እዚያ ያይ የነበረው በዓመት በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ነው፤ እዚህ አንድ የአራት ዓመት ልጅ።

ልብ ብላችሁ እንደሆነ ይህ ሁሉ የሚሆነው ለልጅ ጨዋታ በታገለች አገር ነው። የፕላን ሕጉ ከመውጣቱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1946፣ ሌዲ አለን የሚባሉ የመናፈሻ ነዳፊ ኮፐንሃገን አጠገብ ኤምድሩፕ የሚባል ሜዳ አዩ። ሶረንሰን የሚባል የሙያ አጋራቸው ሐሳብ ነው፣ በጦርነቱ መካከል በ1943 የተከፈተ፤ ልጆች በወዳደቀ ጣውላና በጡብ የፈለጉትን እየሠሩ የሚያፈርሱበት። ሌዲ አለን ተመልሰው በቦምብ በፈራረሱት የለንደን ባዶ ቦታዎች እንዲህ ያለ ሜዳ ይከፈት ብለው ተሟገቱ፣ ተከፈተም። እዚያ ሜትር ይዞ የሚመጣ ጎረቤት አልነበረም፤ ጎረቤቱ ፍርስራሽ ነበር።

ወደ ማማችን። ማመልከቻው ገባ፣ ለጎረቤቶች ተነገረ። ሴትየዋ ሦስት ገጽ ጻፉ። የቤቴ ዋጋ ይወርዳል ያሉት አልተቆጠረም፤ የፕላን ጉዳይ አይደለምና። ጓሮዬ ውስጥ ያዩኛል ያሉት ተቆጠረ። ፈቃድ ተከለከለ። አባትየው ይግባኝ አለ፤ ለዚያ የተሰጠው 12 ሳምንት ነው። ይግባኙ ብሪስቶል ለሚገኘው የፕላን ኢንስፔክተሮች መሥሪያ ቤት ሄደ። ወራት አለፉ። ኢንስፔክተሩ መጡ፤ ጫማቸውን ጠርገው መሰላሉን ወጡ፣ ጎንበስ ብለው በልጅ ቁመት አዩ፣ ማስታወሻ ያዙ፣ ወረዱ።

አባትየው ሳያመለክት ማማውን እንዲሁ ቢተወውስ? የምትሉ ትኖራላችሁ። ማዘጋጃ ቤት በጊዜ ካልደረሰበት ይቀራል፣ እውነት ነው። ቀድሞ አራት ዓመት ነበር፤ ከ2024 ሚያዝያ 25 በኋላ በእንግሊዝ አሥር ሆኗል። የአራት ዓመቱ ልጅ አሥራ አራት ሞልቶት ነው ማማው ሕጋዊ የሚሆንለት።

ውሳኔው መጣ። ይግባኙ ተቀባይነት አገኘ፤ በአንድ ቅድመ ሁኔታ። በሴትየዋ በኩል፣ ከወለሉ ላይ ተነሥቶ 1 ሜትር ከ80 የሚደርስ መከለያ ይደረግ፣ ማማው እስካለም ይኑር። አባትየው ጣውላውን ገዝቶ መታ። አንድ ሜትር ተኩል ወለል፣ በላዩ 1 ሜትር ከ80፤ ድምሩ 3 ሜትር ከ30። ከአጥሩ አንድ ክንድ ርቆ የጣውላ ግድግዳ ቆመ። ጠዋት ፀሐይ የሚገባው ደግሞ በዚያ በኩል ነበር።

ሴትየዋ ሻያቸውን ይዘው ጥላ ውስጥ ተቀመጡ። ሦስት ጠዋት ቻሉ። በአራተኛው የአባትየውን በር አንኳኩ።

«ያንን ጣውላ ቢያነሡት?»

«አልችልም።»

«እኔ እኮ ነኝ የምለምንዎት።»

«ቅድመ ሁኔታ ነው። እሱን ለማስቀየር እንደገና ማመልከት አለብኝ።»

ሴትየዋ ትንሽ አሰቡ። «ልጅቷ ብቻ ብትወጣ ኖሮ ግድ አልነበረኝም» አሉ።

ልጅቷ ስምንት ዓመት ሞልቷታል፤ የምትፈልገው ብስክሌት ነው። አባትየው በሚቀጥለው ቅዳሜ መፍቻውን አወጣ። ለማፍረስ ማንም ፈቃድ አልጠየቀውም።