የመጣፊያ ቀጠሮ

በአማርኛችን «መጣፍ» የሚለው ቃል ሁለት ቤት አለው። አንደኛው መጽሐፍ ነው፤ «መጣፍ ገላጭ» የሚባለው ሰው መጽሐፍ ከፍቶ የሰውን ዕጣ የሚናገር ነበርና። ሁለተኛው በተቀደደ ልብስ ላይ እራፊ ጨርቅ አድርጎ መስፋት ነው። ለብራና ጸሐፊ ሁለቱም ሥራው ነበሩ። ቆዳው ሲፋቅ የተበሳ እንደ ሆነ ከመጻፉ በፊት ቀዳዳውን ይሰፋዋል፤ ጽፎ ከጨረሰ በኋላ ስሕተት የተገኘ እንደ ሆነ ደግሞ ፊደሉን ፍቆ ያርማል፣ የዘለለውን ቃል ከመስመሩ በላይ ወይም በኅዳጉ ላይ ያክላል። የታረመውን ይለፍ የሚለውም ብዙውን ጊዜ ከእርሱ የሚበልጥ ሊቅ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ላወሳው የፈለግሁት መጣፊያ ከብራናም ከሸማም የራቀ ነው። የሰርቨር ሶፍትዌር መጣፊያ ነው፤ ፈረንጆቹ «ፓች» የሚሉት። የሥነ ጽሑፍ ወዳጅ ምን አገባው የሚል አይጠፋም። ነገር ግን ይህ ታሪክ ከመነሻው የአርትዖት ታሪክ ነው፤ አንድ የተጻፈ ነገር ስሕተት ሲገኝበት እርማቱ መቼ ይግባ፣ «ይግባ» ብሎ የሚፈቅደውስ ማን ነው የሚል ጥያቄ ነው። መልሱ የዘገየባቸው ሰዎች ሕክምናቸውን፣ ምስጢራቸውንና ገንዘባቸውን አጥተዋል።

ቃሉ ራሱ ከእጅ ሥራ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1944 ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የገባው «ማርክ አንድ» የተባለ ግዙፍ የስሌት መሣሪያ ትእዛዙን የሚያነበው በወረቀት ጥቅል ላይ ከተበሱ ቀዳዳዎች ነበር። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) ትእዛዙ የተሳሳተ እንደ ሆነ ወረቀቱን እንደ ገና ከመብሳት ይልቅ የተሳሳተውን ቀዳዳ በቁራጭ ወረቀት ለጥፎ መድፈን ይቀላል። እንዲህ የተጣፈ ጥቅል እስከ ዛሬ በአሜሪካ በስሚዝሶኒያን ተቋም ተቀምጦ ይገኛል። ያን ጊዜ የአጽዳቂ ጥያቄ አልነበረም፤ የሚጽፈውም፣ የሚያርመውም፣ የሚለጥፈውም አንድ ክፍል ውስጥ ያሉ ሰዎች ናቸው።

ነገሩ የተለወጠው እርማቱ ከደራሲው እጅ ወጥቶ መጓዝ ሲጀምር ነው። በ1985 ላሪ ዎል የተባለ አሜሪካዊ «ፓች» የሚል ስም የሰጠውን አነስተኛ ፕሮግራም ለሕዝብ አሠራጨ። ከዚያ በኋላ አንድ ፕሮግራም ላይ ስሕተት ያገኘ ሰው መላውን ጽሑፍ መላክ አላስፈለገውም፤ ይህ መስመር ይውጣ፣ በቦታው ይህ ይግባ የሚል አጭር ወረቀት መላክ በቃው። ተቀባዩ ዘንድ ያለው ጽሑፍ ጥቂት ቢለይ እንኳ ፕሮግራሙ በዙሪያው ያሉትን መስመሮች አይቶ ቦታውን ይፈልግለታል። ዎል የሥነ ልሳን ተማሪ ነበር። ከባለቤቱ ጋር ሆኖ ፊደል ለሌለው ቋንቋ፣ ምናልባትም ለአንድ የአፍሪካ ቋንቋ፣ ጽሕፈት የማበጀት ሐሳብ ነበረው፤ በጤና ምክንያት ቀረ። የጥንቱ ፊደል ባለቤቶች ለሆንን ለእኛ ይህች ትንሽ ታሪክ ዝም ተብላ የምትታለፍ አትመስለኝም።

እርማት መጓዝ ከቻለ ዘንድ መዘግየትም ይችላል። በ2002 ስቲቭ ቢቲ፣ ክሪስፒን ካውንና ጓደኞቻቸው የመጣፊያን ጊዜ የሚመለከት አንድ ጥናት አቀረቡ። ጥያቄያቸው ቀላል ነበር፤ መጣፊያ እንደ ወጣ ወዲያው ብትለጥፈው ራሱ መጣፊያው የተበላሸ ሊሆን ይችላል፣ ብትዘገይ ደግሞ ሌባው ቀዳዳውን ያገኘዋል። እንግዲህ መቼ ይሁን? ሁለቱን አደጋዎች እንደ ሁለት መስመር ሥለው የሚገናኙበትን ቢፈልጉ፣ ተስማሚው ቀን ከወጣ በኋላ በ10ኛውና በ30ኛው ቀን አካባቢ ሆኖ አገኙት። ይህን የመሰለ ሥራ በጣም እወዳለሁ፤ ልማድ ሲመልሰው የኖረውን ጥያቄ በሚዛን ላይ አስቀምጦታልና።

ወራት ሳይቆጠሩ ምስክር መጣ። ጥር 25 ቀን 2003 «ስላመር» የተባለ ትል በማይክሮሶፍት የመረጃ ቋት ሰርቨሮች ላይ ተለቀቀ። ርዝመቱ 376 ባይት ብቻ ነበር፤ በላቲን ፊደል ቢቈጠር ከዚህ ከአንዱ አንቀጽ የማይበልጥ ማለት ነው። የያዛቸው ማሽኖች ቍጥር በ8.5 ሴኮንድ እጥፍ እየሆነ በ10 ደቂቃ ውስጥ ሊያዙ ከሚችሉት ሰርቨሮች ከመቶ 90 በላይ ያህሉን ያዘ። በአሜሪካ የአንድ ታላቅ ባንክ 13,000 ያህል የገንዘብ መክፈያ ማሽኖች ሥራ አቆሙ። መጣፊያው ግን የወጣው ሐምሌ 24 ቀን 2002 ነበር፤ 185 ቀን ሙሉ በር ላይ ቆሟል። የሰርቨር ጠባቂዎቹን ሰነፎች ማለት ቀላል ነው፤ እኔ ግን አልልም። ያ መጣፊያ ፋይሎችን በእጅ መገልበጥ ይጠይቅ ነበር፤ ጠባቂው ደግሞ የሚጠብቀው አንድ ሰርቨር ሳይሆን መቶና ሁለት መቶ ነው። እርማቱ ከተራሚው ብዛት ጋር መሄድ አቃተው፤ በእኛ አነጋገር መጣፊያው አጠረ።

በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር «ብላስተር» የተባለ ሌላ ትል መጣ፤ ይህኛው ከመጣፊያው መውጣት በኋላ የጠበቀው 26 ቀን ብቻ ነው። ማይክሮሶፍት ከጥቅምት 2003 ጀምሮ መጣፊያዎቹን በየወሩ በሁለተኛው ማክሰኞ ማውጣት ጀመረ። ለመጣፊያ እንደ በዓል የታወቀ ቀን ተቆረጠለት። በ2005 ደግሞ የድርጅቱን መጣፊያዎች በአንድ ደጃፍ ተቀብሎ ለሁሉም ማሽኖች የሚያድል «ደብልዩሰስ» የተባለ አገልግሎት አወጣ፤ ጠባቂው እዚያ ገብቶ «ይህ ዓይነት መጣፊያ በራሱ ይጽደቅ» የሚል ደንብ ማኖር ይችላል። የአጽዳቂው ሥልጣን ከሰው ወደ ደንብ መሸጋገር የጀመረው በእንዲህ ያለው ደጃፍ ነው።

ሆኖም ደንቡን ያኖረ ጥቂት፣ በእጅ ማጽደቁን የመረጠ ብዙ ነበር። የዚህ ምርጫ ዋጋ በ2017 በሁለት ቦታ ተከፈለ።

ማይክሮሶፍት መጋቢት 14 ቀን 2017 አንድ መጣፊያ አወጣ። ግንቦት 12 ቀን፣ በ59ኛው ቀን፣ «ዋናክራይ» የተባለው ፕሮግራም መጣፊያው ያልደረሳቸውን ማሽኖች እየቆለፈ ገንዘብ መጠየቅ ጀመረ። በእንግሊዝ ብሔራዊ የጤና አገልግሎት ከሆስፒታል አስተዳደሮች አንድ ሦስተኛው ያህል ታወኩ። መሰረዛቸው በስም የተረጋገጠ 6,912 የሕክምና ቀጠሮዎች ናቸው፤ ጠቅላላው ከ19,000 እንደሚበልጥ ተገምቷል። በአምስት አካባቢዎች ድንገተኛ ሕመም የገጠመው ሰው ራቅ ወዳለ ሆስፒታል መሄድ ነበረበት። ለዕጢ ምርመራ ተራውን ሲጠብቅ የከረመ ሰው «ዛሬ አይቻልም» ተብሎ ከደጅ ሲመለስ፣ ምክንያቱ አንድ ሰው አንድ ጊዜ ያልነካው «አጽድቅ» የሚል ቁልፍ መሆኑን ማን ያስረዳዋል?

ሁለተኛው የኢኲፋክስ ነገር ነው፤ የአሜሪካውያንን የብድር ታሪክ የሚመዘግብ ድርጅት። አንድ ብዙ ሰው በሚጠቀምበት ሶፍትዌር ላይ ያለው ቀዳዳ መጋቢት 7 ቀን 2017 ከነመጣፊያው ተነገረ። በሁለተኛው ቀን የድርጅቱ የደኅንነት ክፍል «በ48 ሰዓት ውስጥ ይለጠፍ» የሚል ኢሜይል ከ400 ለሚበልጡ ሰዎች ላከ። ትእዛዙ ትክክል፣ ቀጠሮውም ጥብቅ ነበር። ነገር ግን ለ400 ሰው የተላከ ትእዛዝ ለማንም ያልተላከ ያህል ነው፤ መጣፊያው በአንዱ ሰርቨር ላይ ሳይለጠፍ ቀረ። ግንቦት 13 ቀን ሌቦቹ ገቡ። የ147 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ምስጢር ወጣ።

ከእንዲህ ያለው ፍዳ በኋላ ነው ደንቡን በኮድ መጻፍ የተስፋፋው። አማዞን በ2016 መጨረሻ ያቀረበው የመጣፊያ አስተዳዳሪ ጥሩ ምሳሌ ነው። ጠባቂው የሚጽፈው በአማርኛ ቢነበብ እንዲህ ያለ ነገር ነው፤ «ምርቱ ዊንዶውስ ሰርቨር፣ ዓይነቱ የደኅንነት፣ ክብደቱ እጅግ አስጊ ወይም አስፈላጊ የሆነ መጣፊያ፣ ከወጣ 7 ቀን ሲሞላው ይጽደቅ።» ከሥሩ ሁለት ዝርዝሮች ይከተላሉ፤ ቀኑ ባይሞላም የሚገቡና ቀኑ ቢሞላም የማይገቡ። ይህ ጽሑፍ እንደ ማንኛውም ፕሮግራም በፋይል ይቀመጣል። ማን 7ን 3 እንዳደረገው፣ በስንት ቀን፣ በምን ምክንያት፣ ማንስ አይቶ እንዳለፈው ሁሉ ከፋይሉ ታሪክ ይነበባል። የብራና ጸሐፊ በመጨረሻው ገጽ ስሙንና ያስጻፈውን ሰው እንደሚያኖር ማለት ነው፤ ከኢኲፋክስ ኢሜይል የሚለየውም ይኸው ነው።

ከዚህ ሁሉ እኔን የሚያስደንቀኝ ያች 7 ናት። የ2002ቱ ጥናት ሁለት መስመሮች ተጨምቀው የገቡባት አንዲት ቍጥር ናት፤ በ7 ቀን ውስጥ የተበላሸ መጣፊያ ቢኖር ሌላው ሰው አይቶት ይጮኻል የሚል ተስፋ አለባት። ሁሉም ሰው 7 ቀን ቢጠብቅ የሚጮኸው ማን ይሆን? ስለዚህ ልባሞቹ ለሙከራ ሰርቨሮቻቸው 0፣ ለቀሩት 3፣ ለዋናዎቹ 7 ብለው በደረጃ ይጽፋሉ። ደግሞም ሰዓቱ የሚቈጥረው ቀን ሲኖረው ነው። ኡቡንቱን በመሳሰሉ ሥርዓቶች እያንዳንዱ መጣፊያ የወጣበትን ቀን በእርግጠኝነት ማወቅ ስለማይቻል ይኸው የአማዞን አገልግሎት የቀን ቈጠራውን አይቀበልላቸውም፤ ልደቱ ያልታወቀ ሕፃን የክርስትናው ቀን እንደማይቈጠር ነው።

መጠበቅ ዋጋ እንዳለው በ2024 ታየ። «ኤክስዚ» በተባለ ብዙ ሊኑክስ የሚጠቀምበት ፕሮግራም ውስጥ የሌባ በር ተሠርቶበት የካቲት 24 ቀን ወጣ። አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ ወደ ማሽን መግቢያው ግማሽ ሴኮንድ ያህል መዘግየቱ ከንክኖት መርምሮ ያገኘውን በር መጋቢት 29 ቀን ይፋ አደረገው። 34 ቀን አልፏል፤ 7 ቀን የጠበቀ ሰው አይድንም ነበር። የዳኑት አዲስ ነገር ለመቀበል ወራት የሚፈጅባቸው ዝግተኞቹ የሊኑክስ ዓይነቶች ናቸው።

በዚያው ዓመት ሐምሌ 19 ቀን ደግሞ «ክራውድስትራይክ» የተባለው የደኅንነት ድርጅት የላከው አንድ ፋይል 8.5 ሚሊዮን ያህል የዊንዶውስ ማሽኖችን በሰማያዊ ገጽ ላይ አቆማቸው። 21 ነገሮችን የሚጠብቅ ቦታ የቀረበለት 20 ብቻ ነበር። ድርጅቱ ፋይሉን በ78 ደቂቃ ውስጥ መለሰው፤ አውሮፕላኖች ግን ለቀናት ቆሙ። ብዙዎቹ ደንበኞች ጠንቃቆች ነበሩ፤ «ከአዲሱ እትም አንድ ወይም ሁለት ወደ ኋላ እንሁን» የሚል ደንብ አኑረው ነበር። ደንቡ የሚገዛው ግን ዋናውን ፕሮግራም ብቻ ነው፤ ያ ፋይል «ይዘት» እንጂ «ፕሮግራም» አልተባለምና በሌላ በር ገባ። ድርጅቱ በማግሥቱ ወራት የይዘቱንም ቀጠሮ ደንበኛው እንዲወስን ፈቀደ። የቆሙት ማሽኖች ግን በዚያ ሳምንት በአብዛኛው እያንዳንዳቸው ሰው ፊታቸው ተቀምጦ፣ ፋይሉን በእጁ ሰርዞ ነው የተነሡት።