በልደት ሌሊት የሚነበብ መጽሐፍ

የአንድን ሕዝብ ልማድ ከማድነቅ ይልቅ ልማዱ ከየት እንደ መነጨ መመርመር ይበልጥ ያስተምራል። ዛሬ ለአንባብያን የምናቀርበው የአንዲት ትንሽ አገር ታሪክ ነው፤ ነገሩም የልደት በዓል ሲደርስ ወላጆች ለልጆቻቸው መጽሐፍ ስለ መስጠታቸውና መጽሐፉም በዚያው ሌሊት ስለ መነበቡ ነው። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

አይስላንድ በሰሜን አትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ የምትገኝ የእሳተ ገሞራና የበረዶ ደሴት ናት። የሕዝቧ ቍጥር ዛሬም እንኳ 400 ሺህ አልሞላም። በዲሴምበር መጨረሻ፥ የልደት በዓል በሚከበርበት ሰሞን፥ በዋና ከተማዋ በሬይክያቪክ ፀሐይ የምትታየው በቀን ለ4 ሰዓት ያህል ብቻ ነው፤ የቀረው ጊዜ ጨለማ ነው።

በቀድሞ ዘመን የአገሩ ገበሬ ቤት ከድንጋይና ሣር ከበቀለበት አፈር የተሠራ ነበረ። ቤተ ሰቡም፥ ጌታውና ሎሌው ሳይለዩ፥ «ባድስቶፋ» በሚባል በአንድ ክፍል ውስጥ ይሠሩና ይተኙ ነበር። ብርዱ ከጀመረበት ጊዜ አንሥቶ እስኪያልፍ ድረስ ማታ ማታ ሁሉም በየአልጋው ጫፍ ተቀምጦ ሱፍ ሲያባዝት፥ ሲፈትልና ሹራብ ሲሠራ፥ አንድ ሰው ከዓሣ ጉበት በወጣ ዘይት ወደሚበራው መብራት ተጠግቶ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነብላቸው ነበር። ይህን ልማድ «ክቮልድቫካ» ይሉታል፤ ትርጓሜውም የማታ ትጋት እንደ ማለት ነው።

የሚነበበውም ይልቁንም በ13ኛው መቶ ዓመት አባቶቻቸው በራሳቸው ቋንቋ በብራና ላይ የጻፉት የጀግኖችና የባላገሮች ታሪክ ነበረ። ከዚያም ሥራው ሲያበቃ የጸሎትና የስብከት መጽሐፍ ይከተላል፤ ኤጲስ ቆጶሱ ዮን ቪዳሊን የጻፋቸውና ከ1718 እስከ 1720 የታተሙት ስብከቶች ለብዙ ዘመን በየቤቱ ሲነበቡ ኖረዋል። ንባቡ የባለጠጎች መዝናኛ አልነበረም፤ እንቅልፍን የሚያባርር፥ ሥራን የሚያፋጥን የድኾች ረዳት ነበረ። ሱፍ እየፈተለ የሰማ ልጅ ግን ታሪኩን በቃሉ እስኪያውቀው ድረስ ይሰማውና አንድ ቀን መጽሐፉን ራሱ ይቀበላል።

ሆኖም ልማድ ብቻውን ሁሉን አንባቢ አላደረገም። አገሩ በዴንማርክ ንጉሥ ሥር በነበረበት ዘመን፥ በ1741፥ ሉድቪግ ሃርቦ የተባለ የቤተ ክርስቲያን ሰው ከዴንማርክ ተልኮ ደሴቲቱን እየዞረ የሕዝቡን ሁኔታ መረመረ፤ ማንበብ የማይችለውም ሰው ብዙ ሆኖ አገኘው። ከዚህም የተነሣ በ1746 ደንብ ወጣ። በደንቡም መሠረት ልጆችን ማንበብ የማስተማሩ ግዴታ በቤቱ ባለቤት ላይ ሆነ፤ ቄሱም ቤት ለቤት እየዞረ እንዲቈጣጠር ታዘዘ። ትምህርት ቤት ከቶ እንደሌለ በሚቈጠርበት አገር መቶ ዓመቱ ከመፈጸሙ በፊት አብዛኛው ሕዝብ ማንበብ ቻለ። ከ10 እስከ 14 ዓመት ላሉት ልጆች የግዴታ ትምህርት የታወጀው በ1907 ነው፤ በዚያን ጊዜም ፊደልን የማስለየቱ ተግባር ለቤተ ሰብ ተትቶ ነበር። እንግዲህ ትምህርት ቤቱ ያው የሱፍ መፍተያው ክፍል፥ አስተማሪዋም እናቲቱ ነበረች፤ ክፍያውም ምንም ነበረ።

ወደ በዓሉ ስጦታ ስንመለስ፥ በዚያ የድኽነት ዘመን ለልደት የሚሰጠው አዲስ ልብስ ወይም ጫማ ነበረ፤ ለእያንዳንዱም የቤቱ ሰው ከሞራ የተሠራ አንድ ሻማ ይታደለው ነበር። ይህ ስጦታ ለእኛ ትንሽ ይመስለናል። ነገር ግን ሃያ ሰዓት በሚጨልምበት አገር የራሱ ሻማ ያለው ልጅ፥ የሌላውን መብራት ሳይለምን መጽሐፍ ለመግለጥ የሚችል ልጅ ነው።

ከዚያም ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጣ። በ1940 የእንግሊዝ፥ በ1941 ደግሞ የአሜሪካ ወታደሮች ወደ ደሴቲቱ ገቡ፤ ሥራና ገንዘብ በዛ። ነገር ግን ከውጭ የሚገባው ዕቃ በመከልከሉ ለስጦታ የሚገዛ ነገር ጠፋ፤ በወረቀት ላይ የተጣለው እገዳ ከሌላው ይልቅ ቀላል ነበረ። አገሪቱ ሪፑብሊክ መሆኗን ባወጀችበት በ1944 ዓመት መጻሕፍት አሳታሚዎችና ሻጮች የዓመቱን አዳዲስ መጻሕፍት ዝርዝር አሳትመው በየቤቱ ማዳረስ ጀመሩ። ከዚያ ወዲህ አብዛኛው መጽሐፍ ከበዓሉ በፊት ባሉት ወራት ስለሚታተም፥ ጊዜውን «ዮላቦካፍሎድ»፥ ማለት የልደት የመጻሕፍት ጐርፍ ብለው ሰየሙት። በበዓሉ ዋዜማ፥ ዲሴምበር 24 ቀን፥ ከምሽቱ በ12 ሰዓት ደወል ይደወላል፤ እራት ይበላል፤ ስጦታው ይፈታል፤ ከዚያም ብዙው ሰው አዲሱን መጽሐፍ ይዞ ወደ መኝታው ይሄዳል።

ይህን ልማድ የዕቃ እጦት ወለደው የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ ግን ግማሽ እውነት ነው። ወረቀት መገኘቱ ሻጭን ያስደስታል እንጂ አንባቢን አይፈጥርም። እነዚያ ሰዎች ሌላ ዕቃ ባጡ ጊዜ እጃቸውን ወደ መጽሐፍ የዘረጉት፥ አያቶቻቸው በዓሣ ዘይት መብራት ሲያነቡ የኖሩ ስለ ሆኑ ነው። ጐርፉ በ1944 የወረደ ቢመስልም ምንጩ በባድስቶፋው ውስጥ ነበረ።

በሌላ በኩል ደግሞ የሚያሳዝን ነገር አለ። ሰው ወደ ከተማ ሲፈልስና በ1930 የአገሩ ራዲዮ ሥራ ሲጀምር የማታው የጋራ ንባብ እየቀረ ሄደ። ዛሬ መጽሐፉ በየሰው እጅ አለ፤ ለሁሉ የሚያነበው አንድ ድምፅ ግን እንደ ቀድሞው በየቤቱ አይሰማም። መጽሐፍ በገንዘብ ይገዛል፤ በዚያም አገር ቢሆን ዋጋው ርካሽ አይደለም። ድምፅ ግን አይገዛም፤ ከአባትና ከእናት በቀር የሚሰጠው የለም።

ይህን የሚጽፈው ሰው ራሱ ከወቀሳው ነጻ አይደለም። ባለፈው ገና ለልጁ አንድ መጽሐፍ ገዛለት፤ እንዳይቈሽሽም ብሎ በቁም ሣጥን ቈለፈበት። ጥምቀት ካለፈ በኋላ አንድ ማታ፥ ጋዜጣውን ሲያነብ፥ ልጁ አጠገቡ ቆመና «አባባ፥ የኔ መጽሐፍ ምን ይላል?» ሲል ጠየቀው። አባትየው መልስ አልነበረውም፤ እርሱም አላነበበውምና።

ስለዚህ ለመጪው ገና ሌላ መጽሐፍ አልገዛም። ያንኑ ከቁም ሣጥኑ አውጥቼ፥ ልጄን ከጐኔ አስቀምጬ፥ ከመጀመሪያው ገጽ እጀምርለታለሁ። የአይስላንድ ገበሬ ከነዚያ ሁሉ ልብሶችና ሻማዎች ይልቅ ለልጁ ያወረሰው ይህንኑ ነበረና።