ከአውሮፕላን ጥገና ሙያ ጎን ለጎን ሥዕልን በራሳቸው ጥረት የተማሩት ሠዓሊ ለማ ጉያ

ከአዲስ አበባ ተነስቶ አቃቂ ቃሊቲን የሚያቋርጠው ዋና መንገድ የሚያደርሰው ወደ ቢሾፍቱ ከተማ ነው። ሠዓሊ ለማ ጉያ መደበኛ ሥራንና ሥነ ጥበብን አጣምረው የኖሩት በዚህችው ከተማ ነበር።

በ1921 ዓ.ም በቢሾፍቱ አቅራቢያ በምትገኘው አዱላላ የተወለዱት ሠዓሊው፣ በኢትዮጵያ አየር ኃይል በአውሮፕላን ቴክኒሺያንነት አገልግለዋል። ሥዕልን ግን የተማሩት በራሳቸው ጥረት ነው። በአዲስ አበባ የሚገኘው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት በሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም አማካይነት የተቋቋመው በ1950 ዓ.ም በመሆኑ፣ ከዚያ አስቀድሞ በአገር ውስጥ ዘመናዊ የሥዕል ትምህርት የማግኘት ዕድል እጅግ ጠባብ ነበር።

የሰዎችን ገጽታ፣ የአገሩን ኑሮና መልክዓ ምድሩን የሣሉት ሠዓሊው፣ ይበልጥ የታወቁት በፍየል ቆዳ ላይ በሠሯቸው ሥራዎች ነው። የፍየል ቆዳ በየገጠሩ ቤት ለዘመናት ሲያገለግል የኖረ ሲሆን፣ እርሳቸው በሸራ ምትክ ተጠቅመውበታል። በቢሾፍቱም የአፍሪካ የሥነ ጥበብ ሙዚየምን መሥርተዋል። ወንድማቸው ቱሉ ጉያና ልጆቻቸውም በዚሁ ሙያ ተሰማርተዋል።

ሠዓሊ ለማ ያረፉት በ2013 ዓ.ም ነው። ቆዳ ለእርጥበት፣ ለሙቀት መለዋወጥና ለነፍሳት የተጋለጠ በመሆኑ፣ ሥራዎቻቸው ለመጪው ትውልድ እንዲደርሱ የማያቋርጥ እንክብካቤ ያሻቸዋል። የሕይወት ታሪካቸው በመደበኛ ሥራ ላይ ለተሰማራ ሠራተኛ ተሰጥኦውን በትርፍ ጊዜው ማጎልበት እንደሚችል የሚያመለክት ሲሆን፣ ለባህልና ለቅርስ ተቋማት ደግሞ የጥበቃ ኃላፊነትን የሚያስታውስ ነው።